የእንጀራ አባት ያሳደገው ፊደል

ነገሩ የጀመረው በአምስት ሳንቲም ነው።

እኔ ባለሁበት ጀርመን አምስት ሳንቲምን ከቁም ነገር የሚቆጥር የለም። መሬት ላይ ወድቆ ቢታይ እንኳ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሕፃን ልጅ ብቻ ነው። እኔ ግን ዳቦ ገዝቼ መልስ ስቀበል ሳንቲሞቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ የማየት አመል አለኝ። የዩሮ ሳንቲም አንዱ ፊቱ የጋራ ነው፣ ሌላው የየአገሩ። ከየት ዞሮ ዞሮ እጄ እንደገባ ማየት ደስ ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ ከዚያ በፊት ያላየሁት ምልክት ያለባት ሳንቲም ደረሰችኝ። ማዕዘን የበዛበት፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነገር። ጌጥ ነው እንዳልል ጌጥ አይመስልም። ፊደል ነው እንዳልል የላቲንም፣ የግሪክም፣ የሩስያም አይደለም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ልንገራችሁ፣ "ይሄ ነገር የእኛን ቤት አይመስልም?" የሚል ነበር። ዘንግ፣ ሳጥን፣ እግር። ሀ ሁ ሲል ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከዓይኑ ቀድሞ ጣቱ ያውቀዋል። ዝምድና ግን የለንም። መመሳሰል ብቻ ነው።

ሳንቲሟ የክሮኤሽያ ናት። ክሮኤሽያ በዩሮ መገበያየት የጀመረችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ እናንተም እኔም እንምታታለን።) በ10፣ በ20 እና በ50 ሳንቲሟ ላይ ኒኮላ ቴስላን አስቀምጣለች። በትንንሾቹ፣ በ1፣ በ2 እና በ5 ሳንቲም ላይ ደግሞ ሁለት ፊደላትን አጣብቃ አሳርፋለች፤ "ህ" እና "ር"። አገሬው አገሩን "ህርቫትስካ" ነው የሚለው። ፊደሉን ግላጎሊጻ ይሉታል፣ ሌላው ዓለም ግላጎሊቲክ። ዕድሜው ከ1,100 ዓመት ይበልጣል። ዛሬ ጋዜጣ የሚያነብበት የለም። ግን አልሞተም። ለምን እንዳልሞተ ስፈልግ ነው ስንት ምሽቴን የፈጀሁት።

መጀመሪያ የወለደውን አባት እናውቀው። በ862 አካባቢ የሞራቪያው መስፍን ራስቲስላቭ ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክት ላከ። ሕዝቤ ክርስትናን ተቀብሏል፣ በገዛ ቋንቋው የሚያስተምረው ግን የለም፣ መምህር ላኩልኝ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚካኤል 3ኛ ሁለት ወንድማማቾችን መረጠ፤ ቆስጠንጢኖስን እና ሜቶዲዮስን። የተሰሎንቄ ልጆች ናቸው። አዎ፣ ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ። በዙሪያዋ ስላቮች ሰፍረው ስለነበር ቋንቋቸውን ከቤታቸው ይዘውት ነው ያደጉት። ቆስጠንጢኖስ፣ ኋላ ሲመነኩስ ቄርሎስ የተባለው፣ ለዚያ ቋንቋ ፊደል ሠራለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስሳሳት ነው የኖርኩት። ሲሪሊክ የሚባለው የሩስያና የቡልጋሪያ ፊደል በቄርሎስ ስም ይጠራ እንጂ ቄርሎስ የሠራው እሱን አይደለም። የእሱ ሥራ ግላጎሊጻ ነው። ሲሪሊክ ቆየት ብሎ በቡልጋሪያ በኩል፣ በአብዛኛው ከግሪክ ፊደል ተወስዶ የተዘጋጀ ነው። ለዚህ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱን ወድጄዋለሁ። ብራና ውድ ስለነበር አሮጌውን ጽሑፍ ፍቀው በላዩ ሌላ ይጽፉበት ነበር። ከሥሩ ግላጎሊጻ ተፍቆ በላዩ ሲሪሊክ የተጻፈበት ብራና ተገኝቷል። የተገላቢጦሹ አልተገኘም። የተፋቀው ታላቁ ነው ማለት ነው። ይህ ፊደል እንግዲህ ገና በጠዋቱ የአባቱን ስም ለታናሽ ወንድሙ አስረክቧል።

የፊደላቱ አጠራርም ያስቃል፣ በጥሩ ጎኑ። እያንዳንዱ ስሙ ቃል ነው። አዝ ማለት እኔ፣ ቡኪ ፊደል፣ ቬዲ ማወቅ፣ ግላጎሊ መናገር፣ ዶብሮ መልካም። በተርታ ሲጠሩ "እኔ ፊደል አውቃለሁ፤ መናገር መልካም ነው" ወደ ማለት ይጠጋል። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሳያውቀው ንግግር እያደረገ ነው።

በ885 ሜቶዲዮስ ሞተ። ደቀ መዛሙርቱ ከሞራቪያ ተባረሩ። ከፊሎቹ ወደ ቡልጋሪያና ወደ ኦህሪድ ወረዱ፤ እዚያ ፊደሉ ቀስ በቀስ ለሲሪሊክ ቦታውን ለቀቀ። ፊደሉ ወደ አድርያቲክ ባሕር ዳርቻም ደረሰ። ወደ ኢስትሪያ፣ ወደ ደሴቶቹ፣ ወደ ዳልማትያ። በሌላው ቦታ ሁሉ ሲከስም እዚያ ቀረ። ጠረፍ ላይ፣ በድሃ ካህናት እጅ።

ባለፈው መስከረም ጓደኛዬን "ባሕር እንዋኝ" ብዬ አታልዬ ወደዚያ ወሰድኩት። ደሴቷ ክርክ ትባላለች። ፈረንጆች "አናባቢው የት ሄደ?" ብለው የሚቀልዱበት ስም ነው። ለእኛ ሳድስ ግን ምንም አይከብደውም። ክርክ። አለቀ። ከዋናው መሬት በድልድይ ትገናኛለች። ወደ ባሽካ ከተማ ቁልቁል ከመውረዳችሁ በፊት፣ ትሬስካቫጽ የሚሉት ጉብታ ላይ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ፊደል ቆሞ ይጠብቃችኋል። "አዝ" ነው። ከዚያ በኋላ ሸለቆውን ተከትላችሁ ስትወርዱ የድንጋይ ፊደላት እዚህም እዚያም አሉ። ነፋሱ አይጣል ነው። ጓደኛዬ ከመኪናው አልወርድም አለ።

ዩራንድቮር የሚባል መንደር ውስጥ ትንሽ የቅድስት ሉሲያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ክሮአቶች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩት ድንጋይ የወጣው ከዚያ ነው። ዛሬ እዚያ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናው ከ1934 ጀምሮ ዛግሬብ፣ በሳይንስና ኪነ ጥበብ አካዳሚው ውስጥ ተቀምጧል። ወርዱ 2 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ግራም ገደማ። የተቀረጸው በ1100 አካባቢ ነው። በ1851 አንድ የሴሚናሪ ተማሪ ልብ እስኪለው ድረስ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተነጥፎ ነበር። የንጉሥ ስም እየተረገጠ ማለት ነው።

ጽሑፉ "አዝ" ብሎ ይጀምራል። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብሎ ይቀጥላል። እኔ አበምኔት ድርዢሃ፣ የክሮአቶች ንጉሥ ዝቮኒሚር በዘመኑ ለቅድስት ሉሲያ ስለሰጠው መሬት ይህን ጻፍኩ ይላል። ምስክሮቹን ይቆጥራል። ከዚያ ነገሩን በእርግማን ያትመዋል። ይህን የሚክድ እግዚአብሔር፣ 12ቱ ሐዋርያት፣ 4ቱ ወንጌላውያን እና ቅድስት ሉሲያ ይርገሙት፣ አሜን። ሲጨርስ ደግሞ ሌላ አበምኔት፣ ዶብሮቪት፣ ቃሉን ይቀበልና ቤተ ክርስቲያኑን ከዘጠኝ ወንድሞቹ ጋር እንዳነጸ ይናገራል።

ትርጉሙን ለጓደኛዬ በስልኬ እያነበብኩ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ይሄ እኮ የቦታ ካርታ ነው" አለ። "ይህን ሁሉ መንገድ የነዳሁት የሰው ካርታ ለማየት ነው?"

ልክ ነው። ካርታ ነው። ግን እኔን የያዘኝም ይኸው ነው። የእኛ ነገሥታት ለገዳም ጉልት ሲሰጡ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉት ነበር። ምስክር ይቆጠራል፣ የሚያፈርሰው ሰው ደግሞ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይባላል። ያንን የሚያውቅ ሰው ባሽካ ድንጋይ ፊት ቆሞ እንግድነት አይሰማውም። ፊደል ሥር የሚሰደው በግጥም ነው ይላሉ። እኔ በመሬት ሙግት ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እንጀራ አባቱ ልምጣ።

የክሮኤሽያ ጠረፍ በሃይማኖት የሮማ ግዛት ነው። የሮማ ቅዳሴ ደግሞ በዚያ ዘመን በላቲን ነበር። በአንድ መንበር ሥር ሆኖ በሌላ ቋንቋ፣ ያውም ጳጳሳቱ በማያነቡት ፊደል መቀደስ እንዴት እንደሚታይ አስቡት። በ925 ስፕሊት ከተማ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ የስላቭኛውን ቅዳሴ ሊገታ ሞከረ። በ1060 የተሰበሰበው ባሰበት፤ ላቲን ያልተማረ ስላቭ ክህነት አይሰጠው አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የስፕሊቱ ታሪክ ጸሐፊ ሊቀ ዲያቆን ቶማስ ደግሞ እነዚህን ፊደላት ሜቶዲዮስ የሚባል አንድ መናፍቅ የፈጠራቸው ናቸው ብሎ ጻፈ። እንግዲህ የፊደሉ አባትና አጎት ስማቸው በዚያ አገር እንዲህ ነበር የሚነሳው። በመናፍቅ ስም የሚጠራ ልጅ ይዘህ ሮማ ደጅ ብትጠና ማን ያስገባሃል?

ታዲያ ካህናቱ ሌላ አባት ነበራቸው። ቅዱስ ጀሮም! መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው፣ በ420 ያረፈው ሊቅ። ጀሮም የተወለደው ስትሪዶን በምትባል ከተማ ነው፤ በዳልማትያና በፓኖንያ ድንበር ላይ። የአገር ልጅ ነዋ! ፊደሉን የሠራልን እሱ ነው አሉ። ጀሮም ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ ፊደል መሆኑን ማን ሊቆጥር?

በ1248 የሴኝ ከተማ ጳጳስ ፊሊጶስ ይህንኑ ይዞ ወደ ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛ አመለከተ። መልሱ መጣ። በስላቮች አገር ካህናቱ ከቅዱስ ጀሮም አገኘነው የሚሉት ልዩ ፊደል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ልማዱ ባለበት ቦታ፣ በፊደሉ መለየት የነገሩ ፍሬ እስካልተጓደለ ድረስ፣ ቀድሱበት የሚል ነው። በ1252 የክርክ ደሴቷ የኦሚሻል መነኮሳትም ፈቃድ አገኙ። በዚያ ጊዜ በመላው የላቲን ቤተ ክርስቲያን በራሱ ቋንቋና በራሱ ፊደል እንዲቀድስ እንዲህ ያለ ፈቃድ የተሰጠው ሌላ ሕዝብ አልነበረም። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ፖፑ "ይላሉ" የምትለዋን ቃል ማስገባቱን ልብ አልኩ። አላመነም፣ አልካደምም። ጥሩ የቢሮ ሰው ነበር።

ዋሽተው ነው? እኔ አይመስለኝም። እነዚህ ካህናት በደሴት ላይ የሚኖሩ፣ ከፊሎቹ ወይን እየኮተኮቱ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። አገራቸው የወለደችው ታላቅ ሰው ጀሮም ነው። ፊደሉም የአገራቸው ነው። ሁለቱ ተገናኙ፣ በቃ። እኛስ ጋ ስንቱ ገዳም ነው "የሠራው እገሌ ንጉሥ ነው" የሚባለው? ሲደጋገም እውነት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ያው ተረቱ አለ፤ ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበለዋል ጎረቤት።

ጎረቤት ተቀበለው። በ1347 ንጉሥ ካርል 4ኛ ፕራግ ውስጥ በጀሮም ስም ገዳም ሠርቶ ክሮአት መነኮሳትን አስመጣ። እነሱ እዚያ በ1395 የጻፉት የወንጌል ክፍል ዞሮ ዞሮ ፈረንሳይ፣ ራንስ ከተማ ገባ፤ ነገሥታቱ ዘውድ ሲጭኑ እጃቸውን ጭነው የሚምሉበት መጽሐፍ እሱ ነበር እየተባለም ይወራል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የክርክ ደሴት ጌቶች የፍራንኮፓኖች መጽሐፍ ነው። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ የተረፉት 14 ቅጠሎች ብቻ ናቸው፣ 12ቱ ትሬንቶ፣ 2ቱ ኢንስብሩክ። በ1500 የተጻፈ ማስታወሻ ይህ በቅዱስ ጀሮም በገዛ እጁ የተጻፈ ነው ይላል። ባለቤቶቹም በወርቅና በብር አስለብጠው እንደ ንዋየ ቅድሳት ይዘውት ኖረዋል። ውስጡ ካሉት ስብከቶች አንዱን ብዙ ምሁራን የማን ነው ይላሉ መሰላችሁ? የሜቶዲዮስ። የዚያ "መናፍቅ"። የእንጀራ አባቱን ካባ ለብሶ ወርቅ ላይ ተቀምጦ ሲሰብክ አስቡት።

በስም መሳሳት እኛም አልቀረንም። በ1513 ሮማ ውስጥ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ ዳዊት፣ ሲታተም አሳታሚው ጀርመናዊ ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን ነው ብሎት ነበር። በ1538 ደግሞ ፈረንሳዊው ጊዮም ፖስቴል ፓሪስ ላይ የ12 ቋንቋ ፊደላትን አንድ ላይ አሳተመ። በዚያች ቀጭን መጽሐፍ የእኛ ፊደል "የህንድ" ተብሎ ገብቷል። ግላጎሊጻም አለ፣ በጀሮም ስም። ሁለቱም በሰው ስም ተመዝግበው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጎራብተዋል። በመጀመሪያው ቀን ሳንቲሟን ይዤ "የእኛን ቤት አይመስልም?" ያልኩት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ትልልቁን ታሪክ ትቼ ደግሞ ወደምወደው ልግባ። ጠርዝ ላይ ወደሚጻፉት።

በ1368 ኖቫክ የሚባል መኮንን፣ በሃንጋሪው ንጉሥ ላዮሽ ቤት ባለሟል የነበረ፣ አንድ ትልቅ መጽሐፈ ቅዳሴ ጻፈ። አስጻፈ አላልኩም። ራሱ፣ በእጁ፣ ለነፍሱ ብሎ ጻፈ። ሰይፍ የያዘ እጅ ያን የመሰለ መስመር ማውጣቱ ይደንቃል። መጽሐፉ ኋላ ኢስትሪያ ውስጥ፣ ሮች የምትባል ከተማ አጠገብ ላለች ኑግላ ለምትባል መንደር ተሸጠ። ዛሬ ቪየና ነው። በጠርዙ ላይ አንድ ሰው ይህን ጽፎበታል፤ "ይኑር፣ ይኑር! ማተሚያችን ወደ ላይ እየወጣ ነው! የእኛው ወደ ላይ እንዲወጣ፣ እኔ እንዲህ ነው የምፈልገው!" ቀኑን አስቀምጧል፤ ጁን 26፣ 1482። ቦታውን አስቀምጧል፤ ኢዞላ። ስሙንም፤ ዩሪ ዣካን ከሮች። ዣካን ወደ ዲያቆን የሚጠጋ ማዕረግ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1483፣ የመጀመሪያው የታተመ የክሮኤሽያ መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፈ ቅዳሴ ነው፣ በግላጎሊጻ። ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱሱን ካተመ 28 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። የት እንደታተመ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። የተረፉት 11 ቅጂዎች ናቸው፣ አንዱም ሙሉ አይደለም። የእኛው ዳዊት ከዚህ በኋላ 30 ዓመት ቆይቶ ነው የመጣው። ልዩነቱ ግን ዓመቱ ላይ አይደለም ለእኔ። የእኛን ያተመው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተማረ ባዕድ ነው። የእነሱን ያተሙት የሚቀድሱበት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ዩሪ "ማተሚያችን" ያለው ለዚህ ነው። ያቺ "ችን"! ከ540 ዓመት በኋላ እንኳ ትሞቃለች።

በ1494 ብላዥ ባሮሚች የሚባል ካህን ሴኝ ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፈተ። ይህ ሰው የእጅ ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት ፊደላትን ማጣበቅ ይወድ ነበር፤ የአንዱን ግማሽ ወስዶ ከሌላው ጋር ይሰካዋል። በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ይህን መሥራት ምን ያህል አበሳ እንደሆነ ፊደል ለቃሚ የነበረ ሰው ይንገራችሁ። ሳንቲሟ ላይ "ህ" እና "ር" የተቆላለፉት በዚያው ልማድ ነው።

ሌላው የጠርዝ ጸሐፊ ግን አያስቅም። ቄስ ማርቲናጽ ይባላል። የሰዓታት ጸሎት መጽሐፍ እየገለበጠ ሳለ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1493 የክርባቫ ጦርነት ሆነ። ኦቶማኖች የክሮአቱን ጦር ፈጁት። ማርቲናጽ ይህን በመጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። የሚጠቀሰው ሐረጉ ቱርኮች "በክሮአት ቋንቋ ላይ ወደቁ" የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ቋንቋ ማለት ሕዝብ ማለትም ነበር። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የያዝኩት።

በራም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ኢስትሪያ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ከመንደሩ ወጣ ብላ ያለችውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1474 ከካስታቭ የመጣ ቪንሴንት የሚባል ሠዓሊ በሥዕል ሞላት። አንዱ ሥዕል ላይ አፅሞች ፖፑን፣ ንጉሡን፣ ነጋዴውን በየተራ እየጎተቱ ያስጨፍራሉ። እና እዚያ ግድግዳ ላይ፣ በሥዕሎቹ ላይ፣ ካህናት በስለት እየጫሩ በግላጎሊጻ ጽፈዋል። በእኛ ቤት መርጌታው ቢያገኛቸው ጅራፉ ነበር የሚጠብቃቸው! ግን ፊደሉ በእጃቸው ስለነበረ ነው። ሰው ግድግዳ የሚሞነጭረው በሚያስብበት ፊደል ነው።

የቁልቁለቱን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው፣ ስለማልወደው። ኦቶማኖች ወደፊት ሲመጡ ሕዝቡ ሸሸ፣ ገዳማቱ ጠፉ። መጻሕፍቱ ተቀደው የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ማጠንከሪያ ሆኑ፤ ዛሬ የሚገኙት ቁርጥራጮች ብዙዎቹ ከእንደዚያ ያለ ጥራዝ ውስጥ የወጡ ናቸው። በ1631 ሮማ ራሷ አዲስ የግላጎሊጻ መጽሐፈ ቅዳሴ አሳተመች። መልካም አሳብ ነበር። ግን ራፋኤል ሌቫኮቪች ሲያዘጋጀው ቋንቋውን ወደ ምሥራቅ ስላቮች አነጋገር አስጠጋው። የደሴቶቹ ካህናት ፊደሉን ለይተው ቃሉ አልገባቸው አለ። በ1741 ማቴይ ካራማን ያሳተመው የባሰ ሆነ። ቋንቋውን እናስተካክል ብሎ መነሳት ሁሌም ያስፈራኛል። ያልገባቸው ካህናት በላቲን ፊደል የተጻፈ የሰፈራቸውን ክሮአትኛ ማንበብ ጀመሩ። ያም ሆኖ በዛዳር ዙሪያ ባሉ ደሴቶች የተጠማቂና የሟች መዝገብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በግላጎሊጻ ይጻፍ ነበር። ቅዳሴ ቀርቶ፣ የልጅ ስም ሲመዘገብ።

በ1893 የቭርብኒኩ ተወላጅ ድራጉቲን ፓርቺች በሮማ ያንን ሁሉ አርሞ መጽሐፈ ቅዳሴውን በአሮጌው የክሮአት ወግ እንደገና አሳተመው። ቭርብኒክ እዚያው ክርክ ላይ፣ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠች የወይን መንደር ናት። ቆንጆ ሥራ ነው። በ1905 ደግሞ ታተመ። ቀጣዩ እትም በ1927 ሲወጣ ግን፣ ያዘጋጀው ቼካዊው ሊቅ ዮሴፍ ቫይስ፣ ቋንቋው ያው ስላቭኛ ሆኖ ፊደሉ ላቲን ሆነ። ካህናቱ ፊደሉን ማንበብ እየተሳናቸው ነበርና። ድምፁ ቀረ፣ ልብሱ ተቀየረ።

ከዚያ ወዲህ ክብሩ በዝቷል። ከሮች እስከ ሁም ባለው 7 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ለፊደሉ 11 ሐውልት ቆሞለታል። በ1952 ዛግሬብ ላይ የተቋቋመ የጥንት ስላቭኛ ተቋም አለ። በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ከእኛው ፊደል ስድስት ዓመት ዘግይቶ። በ2019 ፓርላማው ፌብሩዋሪ 22ን ቀኑ አደረገለት። ባሽካ ላይ በቲሸርት፣ በቁልፍ መያዣ፣ በጆሮ ጌጥ ይሸጣል። አንዲት ልጅ ክንዷ ላይ ተነቅሳው አይቻለሁ። ደስ ይላል። ግን ድንጋዩ ከዩሪ አንድ መስመር ጋር ሲተያይ ይቀዘቅዝብኛል።

ከጉዞው ስመለስ የሳንቲሟን ፎቶ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች።

"ውይ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ግዕዝ ነው እንዴ?"

እንደ ሁልጊዜው በላቲን ፊደል ነበር የጻፈችው። እኔም ታሪኩን ልነግራት ጀመርኩ። ግማሽ ገጽ ያህል ከጻፍኩ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ እኔም በላቲን ነው የያዝኩት። አጠፋሁትና የስልኬን ኪቦርድ ቀይሬ እንደገና ልጀምር አልኩ። አውራ ጣቴ "ጀ"ን ፍለጋ ሲዞር እህቴ ሌላ መልእክት ላከች።

"ምነው ጠፋህ?"